የሉዌላ ግራ እግር

ያን ቀን ነፋሱ ዞሮ ነበር። በእኛ በኩል ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ነፋስ የሚመጣው ከባሕር ነው፤ ሞገዱን ከኋላው እየገፋ ያመሰቃቅለዋል። ያን ቀን ግን፣ በ1966 በፌብሩዋሪ ወር፣ ከተራራው ጀርባ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ይወርድ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አድሯል፤ ገደሉ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ሞገዱ ከማናና ደሴት ወዲህ እየተነሣ ሲመጣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ ለአፍታ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆምና ከጫፉ ጉም እየተነነ ይናዳል። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አራት አምስት ጊዜ ቢገኝ ነው። የሰፈራችን የዋይማናሎ ወንዶች ሥራቸውን ጥለው ከገደሉ ሥር ወዳለው ባሕር ዳርቻ ወደ ማካፑኡ ወርደው ነበር።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ ፎጣ መጠበቅ ነበር። እህቴ ሉዌላ አሥራ አራት ሞልቷታል። በብብቷ የወንድማችንን የዋልተርን የዳክዬ እግር ይዛለች። የዳክዬ እግር የምንለው ሲዋኙ እግር ላይ የሚጠለቀውን፣ ፊቱ የተንጣለለውን ጥቁር ጎማ ነው። ዋልተር ወደ ጦር ሠራዊት ሲሄድ በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታችን ወለል ሥር ወርውሮት ሄዶ ነበር። ማካፑኡ ያለ እሱ አይገባም። በባዶ እግር የሞገዱን ፍጥነት ሰው አይደርስበትም፤ ውሃው ወደ አለቱ ሲጎትት ደግሞ አይመለስም። ሌላ ቦታ ሰው ሞገድ የሚጋልበው በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሆኖ ነው፤ እኛ ጋ ሰሌዳ የሚባል ነገር የለም። ሰሌዳው የሰውየው ደረት ነው።

የዋልተር እግር የዝሆን ነበር። ሉዌላ ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ከፊት ለፊቱ የእናታችንን አሮጌ ቀሚስ ቀድዳ ጠቀጠቀችበትና አሸዋው ላይ ተቀምጣ ማጥለቅ ጀመረች። ወንዶቹ አዩዋት።

«የማን ልጅ ናት?» አሉ አጎት ፒሊፖ። እኛ ጋ ታላቅ ሰው ሁሉ አጎት ወይም አክስት ነው የሚባለው፤ እሳቸው የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበሩ፤ ቦርጫቸው ትልቅ ነው፤ ማካፑኡ ላይ ግን ቃላቸው ሕግ ነበር።

«የካኣዋ ልጅ ናት» አላቸው አንዱ።

«አባትሽ ወንድ ልጅ አልቆበት ነው አንቺን የላከሽ?»

«አልላከኝም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«በዚያ ጀልባ ነው የምትገቢው?» አሉ ወደ እግሯ እያዩ።

«ሁለት ጀልባ ነው» አለች ሉዌላ።

ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። በትከሻዋ በኩል ሞገዱን እያየች፣ የዳክዬ እግር ያጠለቀ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ኋላ እየተራመደች ገባች። ከመጀመሪያው ሞገድ ሥር ጠለቀች፣ ከሁለተኛውም፣ ከሦስተኛውም። ከዚያ ጭንቅላቷ ከወንዶቹ ጭንቅላት ጋር ሲንሳፈፍ አየሁት፤ የኮኮናት ፍሬ መስሎ።

ብዙ ቆየች። እኔ ፎጣውን ይዤ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ሦስት ወንዶች አምልጧቸው ያለፈ አንድ ሞገድ ወደ እሷ መጣ። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ሁለቴ ሦስቴ በእግሯ መታች፣ ቀኝ እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፣ ደረቷን ወደ ውሃው ተጫነች። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም እሷ በሆዱ ላይ ነበረች፤ ግማሽ አካሏ ውጭ፣ ግማሽ አካሏ ውስጥ፣ በጎኗ ተጋድማ እየተንሸራተተች። ከኋላዋ እየተናደ ተከተላት፤ አልደረሰባትም። እስከ ጥልቁ ጫፍ ድረስ መጣችና ሞገዱ ከመሬት ከመጋጨቱ በፊት ከሥሩ ጠልቃ በጀርባው ወጣች።

ማንም አላጨበጨበም። አጎት ፒሊፖ ከውሃው ሲወጡ በአጠገቧ አለፉና «ነገ ስትመጪ ካልሲሽን አጥብቂው» አሏት። እኛ ጋ ይህ ብዙ ነው። ነገ ነይ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የሉዌላ እህት ሆኜ ቀረሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ትቼ ዋይኪኪ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠፍ ስጀምር እንኳ የልብስ ማጠቢያው አለቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የዚያች የማካፑኡ ልጅ እህት ነሽ?» ብሎ ነው። አላስከፋኝም። አንሶላ አጣፊ ሺህ ነው።

ሉዌላ ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራች። ሩዙን በበርሜል በሚያህል ድስት ትቀቅላለች፣ ሥጋውን ትከትፋለች፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ሽርጧን ትሰቅልና በቀጥታ ባሕር ነው። ባሏ አብነር ታንኳ ጠራቢ ነበር። ትሑት ሰው፣ ዝምተኛ፤ ሞገድ በደረቱ ጋልቦ አያውቅም። «በእጄ የሠራሁት ነገር ከሥሬ ከሌለ ውሃ አላምንም» ይል ነበር። እሷ ደግሞ «እኔ እናቴ የሠራችኝ ይበቃኛል» ትለው ነበር።

የተሰበረ የዳክዬ እግር የሚጠግን ሰው በእኛ ሰፈር እሷ ብቻ ነበረች። የተረከዙ ማሰሪያ ይበጠሳል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ሰው አዲስ ከመግዛቱ በፊት ለሉዌላ ያመጣል። በወስፌ ትበሳዋለች፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር ትሰፋዋለች፣ በማስቲሽ ትለጥፈዋለች። ሊጠገን የማይችለውንም አትጥልም፤ ቤቷ ወለል ሥር ቁልል ነበር። «አንድ ቀን ለአንዱ ይሆናል» ትላለች። አብነር ለታንኳው እንጨት ቦታ አሳጣሽኝ ብሎ ያጉረመርማል።

ልጆችን አስተምራለች፤ ቁጥራቸውን እሷም አታውቀውም። የምታስተምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለባሕር ጀርባ አይሰጥም፤ እየገባህም እየወጣህም ዓይንህ እሱ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ሞገድ የሚገባው መናድ ከሚጀምርበት ቦታ ለቀረበው ሰው ነው፤ ሌላው እጁን ይሰብስብ። ትልቅ ነኝ፣ ትንሽ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ እንግዳ ነኝ የለም። ቦታውን የያዘ ሞገዱን ይዟል።

አንድ ጊዜ ከአንድ የወታደር ሰፈር የመጣ ወጣት ከአለቱ አፍ በፀጉሩ ይዛ አውጥታዋለች። በማግስቱ ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ በካርቶን ይዞላት መጣ። «ፀጉርህን አሳድገው፤ ብትላጨው ኖሮ ዛሬ ዳቦ የሚያመጣልኝ አልነበረም» አለችው። ልጁ መሳቅ ይኑርበት ማልቀስ አላወቀም።

ስኳር ቤታችን ውስጥ የቆየ ነው። እናታችንን የወሰዳት እሱ ነው። ዋልተርም ከጦርነት በሰላም ተመልሶ በስኳር ነው የሞተው፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ኩላሊቱ። ሉዌላ በሃምሳ ዓመቷ አለብሽ ተባለች። ኪኒኑን ስታስታውስ ትውጣለች፣ ሳታስታውስ ትተዋለች፣ ሩዟን እንደ ድሮው ትበላለች። «በየቀኑ የምዋኝ ሰው ነኝ» ትላለች። እኔም አምናት ነበር። ሰው የሚኮራበትን ሰው ሲታመም ማየት አይፈልግም።

ስልሳ አንድ ዓመቷ ላይ አዲስ የዳክዬ እግር ገዛች። አዲስ ጎማ ደረቅ ነው፤ የግራ እግሯን አውራ ጣት ላጠው። ትንሽ ቁስል። እኛ የባሕር ሰዎች ለቁስል አንድ መድኃኒት ነው የምናውቀው፤ ጨው ያድነዋል እንላለን። አባቶቻችን ብለዋል፣ አጎት ፒሊፖ ብለዋል፣ እኔም በአፌ ብያታለሁ። ስኳሩ እግሯን አደንዝዞት ስለነበር አላመማትም። ስለዚህ ቁስሉ እንዲድን ብላ ከወትሮው አብልጣ ባሕር ገባች፤ በየቀኑ፣ ሙሉ ወር። ያንኑ የላጣትን ጎማ እያጠለቀች።

ያወቀው አብነር ነው፤ ከሽታው። አንድ ጠዋት ከአልጋው ተነሥቶ «ሉ፣ የሞተ ነገር ይሸታል» አላት። ብርድ ልብሱን ገልጦ እግሯን አየና መኪናውን አስነሣ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ደግ ናት። አውራ ጣቱና ከጎኑ ያሉት ሁለቱ መቆረጥ አለባቸው አለች። ካልሆነ እግሩ ይሄዳል።

«ከዚያ በኋላ መቼ ነው ባሕር የምገባው?» አለቻት ሉዌላ።

«ቁስሉ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። ከዚያ በኋላም... እውነቱን ልንገርዎት፣ የመዋኛ ጎማ የሚይዝ እግር አይኖርዎትም። ማካፑኡን ቢተዉት ነው የምመክርዎት።»

«ማካፑኡ ገብተሽ ታውቂያለሽ፣ ልጄ?»

«ከመንገዱ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ።»

«እሺ» አለች ሉዌላ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደገና ዞረችና «ጣቶቼን ከቆረጣችሁ በኋላ የት ነው የምታደርጓቸው?» ብላ ጠየቀች።

ሐኪሟ ተደናገረች። እንደ ማንኛውም የሆስፒታል ቆሻሻ ይቃጠላሉ አለች።

«አይቃጠሉም። አጥንት ነው። የእኛ ሰው አጥንቱን አይጥልም። ትሰጪኛለሽ።»

ሦስት ሰው ተጠራ፣ ሁለት ወረቀት ተፈረመ። አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ናት በመጨረሻ ነገሩን ያስጨረሰችው፤ «የአያቴ ቢሆን እኔም እጠይቅ ነበር» አለች። አብነር ጣቶቹን ለዓሣ በሚይዛት የበረዶ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ወደ ቤት አመጣቸው። አጎት ፒሊፖ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሣጥኗን አዩና «አብነር፣ ከእንግዲህ በዚያች ሣጥን ዓሣ ይዘህ ቤቴ እንዳትመጣ» አሉት።

ጣቶቹን በሰፊ አረንጓዴ ቅጠል ጠቅልለን እናታችን መቃብር እግርጌ ቀበርናቸው። አጎት ፒሊፖ በድሮው ቋንቋ ጸለዩ። ሉዌላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና አየች። «ቀድመው ሄዱ። ለእማዬ ሉዌላ እየመጣች ነው ይበሏት፤ ግን አትቸኩልም» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ያን ቀን ደህና ናት ብዬ ነበር።

ደህና አልነበረችም። ቁስሉ እስኪደርቅ ስምንት ወር ፈጀ። በእነዚያ ወራት ወንበሯን ጀርባውን ለባሕር አዙራ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። ሰዎች የተበጠሰ ማሰሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ «እዚያ አስቀምጠው» ትላለች፤ አትነካውም። ምግቡን ትተወዋለች። ከሥራ ስመለስ አብነር ደጁ ላይ ጠብቆኝ «ዛሬም አልተናገረችም» ይለኛል። እናታችን እንዲህ ነበር የጀመረችው፤ መጀመሪያ ዝም አለች። ሉዌላ ማካፑኡ ካልተመለሰች ዓመት እንደማትሞላ አወቅሁ፤ አብነርም አውቋል፤ አንነጋገርበትም እንጂ።

በስምንተኛው ወር ሐኪሟ እግሯን አገላብጣ አየችና «የጨው ውሃ መንካት ይችላሉ» አለቻት። «ግን ስኳሩ ከጻፍኩልዎት ቁጥር እንዳያልፍ። በየቀኑ ደግሞ የውስጥ እግርዎን በመስተዋት ይዩ። አንዲት ጭረት ካለች አይገቡም። የቀረው እግር ነው የሚሄደው።»

ሉዌላ ከዚያ ቀን ጀምራ ሩዝ ተወች። ሠላሳ አንድ ዓመት በበርሜል ስትቀቅል የኖረችውን ሩዝ። የተፈጨ ጎደሬ በትንሹ፣ ዓሣ፣ ቅጠል። አላጉረመረመችም፤ እኔ ግን አጠገቧ ስበላ አፍር ነበር።

የቀረው የዳክዬ እግሩ ነገር ነው። ጎማው የሚያዘው ከፊት በጣቶች፣ ከኋላ በተረከዝ ነው። የእሷ ግራ እግር ከፊት ባዶ ስለሆነ አንዴ ስትመታ ይዞርና ይወልቃል። ካልሲ ጠቀጠቀችበት፤ ውሃ ሲጠጣ ሟሽሾ ወጣ። በቀኙ ጎማ ብቻ ግቢ አላት አንድ ሰው። በአንዱ እግር ትንሽ ሞገድ ይጋለባል፤ ልጆች ያደርጉታል። ማካፑኡ ላይ ግን ውሃው ወደ አለቱ ሲጎትት የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት በአንድ እግር አትወጣም። ይህን ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አብነር ነገሩን ለሁለት ሳምንት አሰበበት። ከዚያ አንድ እሑድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ከእንጨት የተጠረበ የእግር ፊት ነው፤ አውራ ጣቱ አውራ ጣት፣ ጥፍሩ ሳይቀር ጥፍር። እንደ እንቁላል ለስልሷል። እግሯ ጫፍ ላይ ሲገጥመው ልክ ነው፤ የዳክዬ እግሩ ውስጥ ሲገባም ልክ ነው። ሉዌላ በጣቷ ዳሰሰችው። በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

በዚያው ቀን ዋይማናሎ ዳርቻ ወረድን፤ ውሃው ጠፍጣፋ ነው፣ ለሙከራ ይሆናል። ጎረቤቱ ሁሉ ተከተለን። አጎት ፒሊፖ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ሉዌላ ወደ ኋላ እየተራመደች ገባች፣ ወገቧ ላይ ሲደርስ ተጋደመች።

ግራ እግሯ ወደ ላይ ተነሣ።

ወደ ታች ትጫነዋለች፣ ይነሣል። ትመታለች፣ ጎማው ከውሃው በላይ አየር ይመታል። ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ እግሯ ወደ ሰማይ። አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ተገለበጠች።

«አብነር» አሉ አጎት ፒሊፖ፣ «እንጨቱ ምንድን ነው?»

አብነር ወደ ውሃው ዳር ወረደ። ፊቱ ቀልቷል። እንጨቱ ዊሊዊሊ ነበር፤ እንደ ኮርች ቀላል የሆነ እንጨት፣ ከታንኳ ጎን ታንኳው እንዳይገለበጥ የሚታሰረው ተንሳፋፊ የሚሠራበት።

«ሚስትህን ታንኳ አደረግሃት» አሉ አጎት ፒሊፖ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሉዌላ አልሳቀችም። እየተንፏቀቀች ወጣች፣ ጎማውን ከእግሯ ነቅላ አሸዋው ላይ ጣለችው፣ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዋልተር ሲሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም ነበር። ሳቁ ቆመ።

አብነር አጠገቧ ተንበረከከ። «አርባ ዓመት እንጨት ስመርጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው» አላት። «ይንሳፈፋል ወይ እላለሁ። ሌላ ጥያቄ አላውቅም፣ ሉ።»

ፎጣውን ሳታነሣ «እንጨት አታውቅም አላልኩህም» አለችው። «እግር ግን አታውቅም። ቅርጹ ልክ ነው። ጥፋቱ እንጨት መሆኑ ነው።»

በማግስቱ ወደ ቤታቸው ስሄድ በረንዳው ላይ አጣኋት። ከቤቱ ወለል ሥር ድምፅ ሰማሁ። መሬት ላይ ተቀምጣ ያንን የሠላሳ ዓመት የተሰበረ የዳክዬ እግር ቁልል በዓይነት በዓይነቱ ትለያለች፤ ለስላሳው ወዲህ፣ ጠንካራው ወዲያ።

«ቢላዋ አቀብዪኝ» አለችኝ። «ሊፒስቲክም አለሽ?»

«ሊፒስቲክ ምን ያደርግልሻል?»

«አምጪው፣ ታያለሽ።»

ጎማውን በስስ በስሱ እየቆረጠች በማስቲሽ አነባበረችው፤ የአብነርን እንጨት እንደ ልክ አድርጋ በቢላዋና በብርጭቆ ወረቀት ቀረጸችው። ችግሩ እግሯ አይሰማትም። የት እንደሚላጣት፣ የት እንደሚጫናት አታውቅም፤ መጀመሪያ ያጠፋትም እሱ ነው። ስለዚህ ቀይ ሊፒስቲኬን የእግሯ ጠባሳ ላይ ሁሉ ትቀባለች፣ ጎማውን ታጠልቃለች፣ ትራመዳለች፣ ታወልቃለች። ቀዩ ጎማው ላይ በደማቁ የታተመበት ቦታ የሚጫናት ቦታ ነው፤ እሱን ትልጣለች። እንደገና ትቀባለች። እንደገና ትልጣለች። ወሬው ሲሰማ ሰዎች ጎማ ያመጡ ጀመር፤ ካማሉ የሚባል ድሮ ያስተማረችው ልጅ የራሱን፣ ገና ያልተሰነጠቀውን ሰጣት። «ይሄ ደህና ነው እኮ» ስትለው «ለስላሳው እሱ ነው፣ አክስቴ» አላት። ስድስት ሳምንት ፈጀባት። ሁለት ሊፒስቲክ ጨረሰችብኝ፤ አንዱ አዲስ ነበር።

በ2014 በኦክቶበር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማካፑኡ ወረድን። ሞገዱ የሰው ቁመት ያህል ነው፤ እንደ ወትሮው ነፋስ የበጠበጠው። ውሃው ውስጥ ስምንት ወጣቶች ነበሩ። ሉዌላ ተቀምጣ መስተዋቱን ከውስጥ እግሯ ሥር ያዘች፣ አየች፣ ለእኔም አሳየችኝ። ጭረት የለም። ጎማውን አጠለቀች፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በገመድ አሰረችው፣ ተነሣች።

«ወደ አለቱ ከጎተተሽ—» አላት አብነር።

«ከጎተተኝ እመታለሁ።»

ገባች። እግሯ ውሃ ውስጥ ቀረ፤ አልተነሣም። ከየሞገዱ ሥር እየጠለቀች አለፈች። ወጣቶቹ ሲያዩዋት ቦታ ለቀቁላት። ካማሉ ሞገዱ መናድ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። አንድ ጥሩ ሞገድ ሲመጣ እጁን አነሣና ወደ ኋላ ቀረ።

«ሂጂ፣ አክስቴ፣ ያንቺ ነው» አላት። ነፋሱ ወደ የብስ ስለሚነፍስ አሸዋው ላይ ሆነን ሰማነው።

«ቦታው የማን ነው?» አለችው ሉዌላ።

«እ... የኔ ነው።»

«እንግዲያው ሞገዱም ያንተ ነው። እኔ ለማኝ ነኝ? እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

ካማሉ ደነገጠና ሄደ፤ ጋለበው። የቀሩት ሰባቱም ከዚያ በኋላ ቦታ አልለቀቁላትም። አንዱ እንዲያውም ቀደማት፤ እሷ ሳቀች።

አርባ ደቂቃ ጠበቀች። ሁለት ሞገድ አመለጣት። ሦስተኛውን ያዘች ስንል ከላይ ወደቀባት፤ ጠለቀች፣ አልታየችም። አብነር ጫማውን ሳያወልቅ እስከ ጉልበቱ ውሃ ገባ፤ ያ በእጁ የሠራው ነገር ከሥሩ ከሌለ ውሃ የማያምን ሰው። ከዚያ ከነጩ አረፋ ውስጥ ወጣች፤ ውሃው ወደ አለቱ መጎተት ጀምሯል። ተጋድማ መታች። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ለረጅም ጊዜ ባለችበት የቆመች መሰለኝ። ከዚያ ትንሽ በትንሽ ከአለቱ ራቀች። አጎት ፒሊፖ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ግራው ይሠራል» አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል።

ወደ አሸዋው ትመለሳለች ብለን ጠበቅን። ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ቀስ እያለች፣ ማንንም ሳትገፋ፣ ቦታውን ያዘች። ቀጣዩ ሲመጣ ለሷ የቀረበ ሰው አልነበረም፤ የሷ ነበር። ዞረች፣ መታች፣ እጇን ዘረጋች። ሞገዱ ሲቆም ደረቷን ተጫነችበትና ወረደች፤ ከዚያ በጎኗ ተጋድማ የሞገዱን ፊት ይዛ ተንሸራተተች፤ ውሃው ከደረቷ ሥር እየተሰነጠቀ። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ አሸዋ ላይ ቆሜ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ወንዱንም ሴቱንም። እንደ እህቴ ሞገድ ላይ ዝም የሚል ሰው አላየሁም። ሌላው ይታገላል፤ እሷ ዝም ትላለች፣ ሞገዱ ነው የሚሠራው። ጥልቁ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከሥሩ ጠልቃ በጀርባው ወጣች።

ወጣቶቹ ውሃውን በመዳፋቸው ደበደቡት። አብነር ጉልበቱ ድረስ እርጥብ ሆኖ ቆሟል።

ወደ ኋላ እየተራመደች ወጣች፣ ዓይኗን ከባሕሩ ሳትነቅል። ተቀመጠች፣ ጎማውን አወለቀች፣ «መስተዋት» አለችኝ። ያዝኩላት። ውስጡን፣ ጠርዙን፣ የጠባሳውን መስመር አየች።

«ጭረት አለ እንዴ?» አላት አብነር።

«የለም።»

«እንግዲያው ወደ ቤት እንሂድ።»

«የለም እያልኩህ ነው እኮ» አለችውና ጎማውን መልሳ አጠለቀች።

ሉዌላ አሁን ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። አብነር ካረፈ ሁለት ዓመት ስለሆነው ዋይማናሎ ውስጥ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። በሳምንት ሁለት ቀን ማካፑኡ ትገባለች፤ የቀሩት ሰባት የእግር ጣቶቿ ሁሉም አሉ።